ሀንክ፦ ከመጠለያ የወጣ የመንጋ ጠባቂ ውሻ፣ የስድስት ወር የሥራ ማስታወሻ

ውሻው ወንድ ግሬት ፒረኒስ ነው። በጥርሱ ሲገመት 2 ዓመት ተኩል ይሆነዋል፤ ተኮላሽቷል። ፊቱ ላይ ካለው ጥቁር ጭምብል የተነሳ ትንሽ የአናቶሊያን (የሌላ ጠባቂ ውሻ ዘር) ደም ሳይኖርበት አይቀርም። የመጣው ከቴክሳስ ነው፤ የሚገባው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ጓሮ ያለው ቤት ነው። ሀንክ የሚለውን ስም ያወጣለት መጠለያው ነው፤ አልተቀየረም። ሰዓቶቹ ሁሉ በሀበሻ አቆጣጠር ናቸው።

ማርች 1፣ 2025

ከመረከቡ በፊት የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ቅጹ ተሞልቷል፣ የአጥሩ ፎቶ ተልኳል፣ መጠለያው በቪዲዮ ቤቱን አይቷል።

ቴክሳስ ውስጥ ይህ ዘር ሞልቷል። ፍየልና በግ የሚያረባው ገበሬ ካዮቲ (ተኩላ መሰል የዱር አውሬ) እንዳይበላበት ወንድና ሴት ይይዛል፤ ሳያኮላሻቸው ይተዋቸዋል፤ ቡችላው ይበዛል፤ የተረፈው ወይ መንገድ ላይ ይቀራል ወይ መጠለያ ይገባል። ከዚያ እያነሱ በቫን ወደ ሌሎች ግዛቶች የሚያሻግሩ ቡድኖች አሉ። ሀንክም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ዘሩ የተገኘው በፈረንሳይና በስፔን መካከል ካለው የፒረኒስ ተራራ ነው። ሥራው ከበጎች ጋር አድሮ ተኩላና ድብ ማራቅ ነበር። እረኛው ተኝቶ ሳለ ብቻውን የሚወስን ውሻ ነው ለዘር ሲመረጥ የኖረው። ጀርመን ሼፐርድ የጌታውን ዓይን እያየ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ይሄኛው "ና" ሲባል ሰምቶ፣ ዞር ብሎ አይቶ፣ መምጣቱ ይጠቅም እንደሆነ ያስባል። ደንቆሮ ስለሆነ ወይም ስለናቀ አይደለም፤ የተሠራው እንዲህ ነው። ደጋ ላይ ጅብ በጮኸ ቁጥር ማንም ሳያዘው ተነስቶ በረቱን የሚዞር የገጠር ውሻ ያየ ሰው ይህ ጠባይ አይገርመውም። ስለዚህ ዕቅዱ በትእዛዝ ላይ አልተመሠረተም። የተመሠረተው በአጥር፣ በበርና በሰዓት ላይ ነው።

ለመጠለያው የቀረቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ያደገው በረት ነው ወይስ ቤት? አሁን ያለው ኬጅ ውስጥ ነው ወይስ ሰው ቤት በአደራ? ተወስዶ የተመለሰ ከሆነ ስንት ጊዜ፣ በምን ምክንያት? ከወንድ ውሻ ጋር እንዴት ነው? (የጠባቂ ዘሮች ከራሳቸው ፆታ ጋር ብዙ ጊዜ አይስማሙም።) የልብ ትል ምርመራ የተደረገለት መቼ ነው? ውጤቱ ብቻ አይበቃም፤ ቀኑም ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት፦ ብዙ የኪራይ ውል ለውሻ የክብደት ጣሪያ አለው፣ አንዳንድ የቤት ኢንሹራንስም የማይሸፍናቸው ዘሮች አሉ። ሁለቱም ወረቀት ዛሬ ተነበበ። ይህንን ውሻው ከመጣ በኋላ የሚያነብ ሰው ነው በወሩ የሚመልሰው።

ማርች 8

አጥር። የነበረው 1.2 ሜትር የሽቦ አጥር ነው። እንዲህ ያለ ውሻ እግሩን ጫፉ ላይ አሳርፎ ይሻገረዋል። በ1.8 ሜትር የእንጨት አጥር ተተካ። ከመቆፈሩ በፊት 811 ተደወለ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን መጥተው በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፣ በነፃ ነው፣ ግን ጥቂት የሥራ ቀናት መጠበቅ አለ።

የእንጨት አጥር ሲሠራ ተለምዶ የሚታለፍ ስህተት አለ። ሳንቃው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት ወደ ግቢው ውስጥ ከዞረ ለውሻው መሰላል ይሆናል። የኛም ወደ ውስጥ ነው የዞረው። መቀየር ስላልተቻለ መካከለኛው አግዳሚ ላይ ለስላሳ ሳንቃ ተደርቦ ተሸፈነ። ማገዶውና የአየር ማቀዝቀዣው ሳጥን አጥር አጠገብ ነበሩ። ማገዶው 1.5 ሜትር ርቆ ተደረደረ፤ ሳጥኑ ስለማይነሳ ዙሪያው ለብቻው ታጠረ።

ከሥር በኩል ለመቆፈር መከላከያ፦ ዓይኑ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተበየደ ሽቦ፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ጥቅል። 30ው ሴንቲ ሜትር ከአጥሩ ጋር ቆሞ በሚስማር ይያዛል፣ 60ው መሬት ላይ ይነጠፋል። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት ካስማ ይመታበታል፤ ከላዩ አፈርና ሣር። የመጀመሪያው 6 ሜትር በስህተት ወደ ውጭ ተነጥፎ ነበር። ወደ ውጭ የሚነጠፈው ከውጭ ቀበሮ እንዳይገባ ለዶሮ ቤት ነው። ውሻ ከውስጥ ሲቆፍር የሚጀምረው እግሩ ሥር ካለው ከአጥሩ ግርጌ ስለሆነ ሽቦው ወደ ውስጥ መሆን አለበት። ተነቅሎ እንደገና ተሠራ።

የግቢው በር ሥር 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነበረው። 40 በ40 የሆኑ አራት የመንገድ ድንጋዮች ተቀብረውበት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ወረደ። መቀርቀሪያው በራሱ ክብደት የሚወድቀው ዓይነት ነው፤ ውሻ በአፍንጫው ያነሳዋል። ካራቢነር (ስፕሪንግ ያለው የብረት ቀለበት) ተጨመረበት፤ ማጠፊያውም በራሱ የሚዘጋ ስፕሪንግ ያለው ሆኖ ተቀየረ።

የማይታይ የኤሌክትሪክ አጥር ይሻል እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ አይሻልም ነው። የአንገቱ ፀጉር ወፍራም ስለሆነ ንዝረቱ በደንብ አይደርሰውም። ካዮቲ ካየ ደግሞ ንዝረቱን ችሎ ይወጣል፤ ለመመለስ ግን ምንም ምክንያት ስለማይኖረው አይመለስም።

ዕቃ፦ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማርቲንጌል (ሲጎተት የሚጠብቅ) የአንገት ማሰሪያ። የፒረኒስ አንገት በፀጉሩ ምክንያት ከጭንቅላቱ ይሰፋል፤ ተራ ማሰሪያ ወደ ኋላ ሲጎተት በጆሮው በኩል ይወልቃል። 1.8 ሜትር ማሰሪያ ገመድ ሁለት፣ 10 ሜትር ረጅም ገመድ አንድ፣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው የበር መከለያ ሁለት፣ የአፍ ቅርጫት (እንዳይነክስ አፉ ላይ የሚጠለቅ) አንድ።

ማርች 15፣ ቀን 0

ቫኑ የደረሰው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ መኪና ማቆሚያ ነው። ከመጠለያ የወጣ ውሻ ጠፍቶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በሦስት ቦታ ነው፦ ከቫን ወደ መኪና ሲሻገር፣ ከመኪና ወደ ቤት ሲገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የፊት በር ሲከፈት። ስለዚህ ሁለት ገመድ፦ አንዱ ማርቲንጌሉ ላይ፣ ሌላው ራሱ የሚጠብቅ ማነቆ፤ ሁለቱን ሁለት ሰው ይዞ። የመኪናው በር የተከፈተው ገመዱ እጅ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ነው።

ቫኑ አጠገብ የተረከብናቸው ወረቀቶች፦ ከግዛት ወደ ግዛት ለመሻገር የሚሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት፣ ሐኪሙ የፈረመበት የእብድ ውሻ ክትባት ምስክር (የአንገት ታርጋው ብቻ ለካውንቲው ፈቃድ አይበቃም፤ ቨርጂኒያ 4 ወር የሞላው ውሻ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ትጠይቃለች)፣ የማኮላሻው ወረቀት፣ የልብ ትል ውጤት ከነቀኑ። ማይክሮቺፑ (ከቆዳው ሥር ያለው መለያ) እዚያው ተነብቦ 15ቱ አኃዝ ከወረቀቱ ጋር ተመሳከረ። ቺፑ በአዲሱ ስልክ የተመዘገበው በዚያው ማታ ነው። ብዙ ሰው ይህን "ነገ" ይላል፤ ውሻው ጠፍቶ ሲገኝ የሚደወለው ቴክሳስ ይሆናል።

ቤት ሲደርስ በፊት በር አልገባም። በገመድ እንደተያዘ ጓሮውን ሦስት ጊዜ በአጥሩ ጥግ ጥግ ዞረ። ጠባቂ ውሻ ቤት የሚለው ወሰኑን ነው፤ ሳሎኑን አይደለም። የበሩን ድንጋይ አሸተተ፣ አግዳሚውን አየ፣ ማገዶው ላይ ሸና። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ብቻ ወደ ቤት። ገላ አልታጠበም፣ እንግዳ አልመጣም፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አላቀፈውም።

ክብደት 38 ኪሎ (84 ፓውንድ)። የዚህ ዘር ወንድ ከ45 ኪሎ በላይ ነው የሚጠበቅበት። ፀጉሩ ያታልላል፤ እጅ ሲገባ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

ቀን 1 እስከ 4

አልበላም። ሁለት በር በአንድ ጊዜ የሚያይበት ኮሪደር ላይ ተኝቶ ዋለ። የመጀመሪያው ቀን ይህ የተለመደ ነው። ገደቡ ይህ ነው፦ ውሃ ካልጠጣ በዚያው ቀን፣ ምግብ ከ48 ሰዓት በላይ ካልቀመሰ ሐኪም ይደወላል። በሁለተኛው ቀን ማታ ጨውና ሽንኩርት ያልገባበት የተቀቀለ ዶሮ የተቀላቀለበትን ግማሽ ኩባያ ደረቅ ምግብ በላ።

ኬጁ 137 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትልቁ። አንገቱን አስገብቶ ወጣ። አልተገደደም። ውጭ ያደገ ጠባቂ ውሻ ተገዶ ሲዘጋበት ብረቱን ነክሶ ጥርሱን ይሰብራል፣ ጥፍሩን ይነቅላል። በኬጁ ፈንታ ኮሪደሩ በሁለት መከለያ ተዘጋ።

በ3ኛው ቀን ተቅማጥ። ምግቡ አልተቀየረም፤ መጠለያው ከሰጠው ከረጢት ነው የሚበላው፣ ለውጡ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የታቀደው። ስለዚህ ምግቡ አይደለም ተብሎ የሰገራ ናሙና በ4ኛው ቀን ላብራቶሪ ገባ። ጃርዲያ ሆኖ ተገኘ፤ የአንጀት ጥገኛ ነው። መድኃኒቱን ሐኪሙ በክብደቱ ልክ አዘዘ። ብዙዎች የሚያመልጣቸው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ጥገኛው በኋላ እግሩና በጭራው ሥር ፀጉር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሻው ሲልሰው እንደገና ይያዛል። ስለዚህ በመድኃኒቱ የመጨረሻ ቀን የኋላ ክፍሉ በሻምፑ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ መኝታው በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ሰገራው በየቀኑ ከጓሮ ይነሳል። በዚህ ፀጉር ማድረቁ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ቀን 5፣ እንስሳት ሐኪም ቤት

የሰውነት ሁኔታ (1 በጣም ከሲታ፣ 9 በጣም ወፍራም በሆነበት መለኪያ) 3 ነው። የምግቡ ስሌት ይህን ይመስላል፦ በእረፍት ላይ የሚያስፈልገው ካሎሪ 70 ሲባዛ በክብደቱ (በኪሎ) 0.75ኛ ፓወር ነው። ለ38 ኪሎ ወደ 1,070 ካሎሪ ይመጣል። ለተኮላሸ አዋቂ ውሻ በ1.6 ሲባዛ 1,710 ገደማ። የገዛነው ደረቅ ምግብ በኩባያ 380 ካሎሪ ስለሚል በቀን 4 ተኩል ኩባያ፣ በሦስት ተከፍሎ 1 ተኩል 1 ተኩል። ከረጢቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ከዚህ ይበልጣል፤ የፒረኒስ ሆድ ለአካሉ ሲታይ ትንሽ ነው የሚፈልገው፣ ቶሎ ማወፈር ደግሞ ዳሌውን ይጎዳል። የተያዘው ግብ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ጭማሪ ነው።

የልብ ትል። መጠለያው በፌብሩዋሪ ያደረገው ምርመራ ነፃ ይላል። ግን ትሉ በትንኝ ንክሻ ከገባ በኋላ ምርመራው ላይ እስኪታይ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። በጃንዋሪ የተነከሰ ውሻ በፌብሩዋሪ ነፃ ይባላል። ስለዚህ ወርሃዊው መከላከያ ዛሬ ተጀመረ፣ ድጋሚ ምርመራው ለሴፕቴምበር ተያዘ። ከደቡብ ግዛቶች የሚመጣ ውሻ ሁሉ ይህን ይፈልጋል። ትሉ ቢገኝ ሕክምናው ወራት ይወስዳል፦ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ጀርባው ላይ የሚሰጡ ሦስት መርፌዎች፣ በመካከሉ ሩጫ የሌለበት ጥብቅ እረፍት። የሞተው ትል በደም ሥር ሄዶ ሳንባውን ስለሚዘጋ እረፍቱ እንደ መድኃኒቱ ያህል ነው።

የኋላ እግሩ ላይ የዘሩ ምልክት የሆነው ድርብ ትርፍ ጣት አለ፣ በእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት። እነዚህ ጣቶች መሬት ስለማይነኩ ጥፍራቸው አይበላም። የግራው ዞሮ ሥጋው ላይ ሊገባ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ነበር። ከዚህ በኋላ በየ3 ሳምንቱ ይቆረጣል።

ሌላው የጨጓራ መነፋትና መዞር ነው። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሁሉ ይህ ያሰጋዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ምልክቱ፦ ለማስመለስ ይታገላል ነገር ግን ምንም አይወጣም፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ሆዱ ይወጠራል፣ መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል። ይህ ሲታይ ጠዋትን መጠበቅ የለም። የ24 ሰዓት ክሊኒኩ አድራሻ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ፤ በሌሊት መንዳቱ ተሞክሮ 22 ደቂቃ ሆነ። ሳህኑ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከፍ ያለ ማስቀመጫ ይህን ይከላከላል የሚባለው አይጠቅምም፣ እንዲያውም አደጋውን ሊጨምር ይችላል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ሩጫ የለም።

ቀን 9

የሌሊቱ ጩኸት ጀመረ። ዝምታው እስካሁን የቆየው ገና ቤቱን ስላልወሰደው ነው፤ አሁን ወስዶታል። የዛሬ ሌሊት መዝገብ፦ ከምሽቱ 4፡10 ቀበሮ፣ 5፡40 የጎረቤት ጋራዥ በር፣ ከሌሊቱ 7፡25 ምንም የማይታይ፣ 9፡05 አጋዘን፣ 10፡50 የጋዜጣ አዳይ መኪና። ከነዚህ መካከል ያሉ ትናንሾቹ ተደምረው 11 ጊዜ።

ይህን ማጥፋት አይቻልም፤ ማሳጠር ይቻላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ ብቻውን አይተውም። የኮሪደሩ መስኮት ታችኛው ግማሽ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ምስል የማያሳይ ፕላስቲክ ተለጠፈ። አንድ የቆመ ቬንቲሌተር ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ሲጮህ ከሌላ ክፍል ሆኖ "ዝም በል" ማለት አብሮ መጮህ ነው፤ ውሻው የሚረዳው እርዳታ እንደመጣለት ነው። የሚሠራው ይህ ነው፦ ተነስቶ መሄድ፣ እሱ የሚያየውን ማየት፣ በዝግታ "አየሁ፣ በቃ" ማለት፣ ዞሮ ሦስት እርምጃ መሄድና ሲከተል አንዲት ቁራጭ ሥጋ መስጠት። የመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች እንቅልፍ የለም። በሦስት ሳምንት 11ዱ ወደ 3 ወረደ፣ የእያንዳንዱም ርዝመት ከደቂቃዎች ወደ አምስት ስድስት ጩኸት። በጮኸ ቁጥር የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ አልተሞከረም፣ አይሞከርምም፤ ማስጠንቀቂያውን የተከለከለ ጠባቂ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ሊማር ይችላል።

ቀን 20

ትልቅ የበሬ አጥንት ኮሪደር ላይ ተሰጠው። ስህተቱ ቦታው ነው፤ ሰው የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ። አንድ ሰው ሲያልፍ ደርቆ ቆመ፣ ዓይኑን ሳያነሳ አጉረመረመ።

ማጉረምረም አይቀጣም። አጥንቱም በጉልበት አይነጠቅም። የተደረገው፦ ከዚህ በኋላ ማኘክ ያለበት ነገር ሁሉ ጓሮ ጥግ ላይ ብቻ። ከዚያ በቀን 10 ጊዜ፣ ባዶ በሆነ ሳህን ተጀምሮ፦ በ2 ሜትር ርቀት ማለፍ፣ ሥጋ መወርወር፣ ሳይቆሙ መሄድ። ሰው ሲጠጋ ምግብ ይጨመራል እንጂ አይወሰድም የሚለው እስኪገባው። ልምምዱ በተጀመረ በ12ኛው ቀን ሰው ሲመጣ ከሳህኑ ቀና ብሎ እጅ ማየት ጀመረ። ይህ ነው የሚፈለገው ምልክት። የአፍ ቅርጫቱም በዚሁ ሳምንት ተለመደ፤ ውስጡ ኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብቶ፣ መጀመሪያ ሳይታሰር። ቅቤው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ የሌለበት መሆኑ ከጣሳው ላይ ይነበባል፤ ለውሻ መርዝ ነው።

ኤፕሪል 20፣ ቀን 36፣ ፋሲካ

14 እንግዳ። የሀበሻ ቤት ለጠባቂ ውሻ ከባዱ ፈተና ይህ ነው። ሰው ደውሎ አይመጣም፣ ሲመጣ ብዙ ሆኖ ነው፣ ተቃቅፎ ይሳሳማል፣ ልጆች ይሮጣሉ። ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ የሚከብዳቸው ትልልቅ ሰዎችም አሉ፤ ለጸሎታቸውም ለልብሳቸውም የሚጠነቀቁ። እብድ ውሻ በሚፈራበት አገር ያደገ ሰው ደግሞ ውሻ ሲያይ ወደ ኋላ ቢል ትክክል ነው። ማንንም "አይነክስም፣ ቅረቡ" ማለት አያስፈልግም።

ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ የ50 ደቂቃ መንገድ ተሄደ። ከዚያ የኋላው መኝታ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ ከውስጥ መከለያ፣ ቬንቲሌተሩ፣ ከማታ ጀምሮ በረዶ የሆነ ምግብ የተሞላ የጎማ መጫወቻ። እንግዶቹ ደወል እንዳይጫኑ አስቀድሞ ተነገራቸው። ለ14 ሰው አንድ ላይ አልተዋወቀም። ማታ የቀሩት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው፣ ዓይኑን ሳያፈጡበት፣ በገመድ ገባ፣ አሸተተ፣ ተኛ።

ትምህርት የሰጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከሁለቱ አንዱ ለሽንት ቤት ሲነሳ ሀንክ ከተኛበት ተወርውሮ በሩ ላይ ቆመና ጮኸ። ጠባቂ ውሻ የተቀመጠ እንግዳን ይቀበላል፤ የተነሳ እንግዳ ግን ለሱ አዲስ ክስተት ነው። ስለዚህ ደንቡ፦ እንግዳ ከመነሳቱ በፊት "ልነሳ ነው" ይላል፣ ገመዱን የያዘው ውሻውን አጠገቡ ይጠራል፣ ሥጋ ይሰጠዋል፣ ከዚያ እንግዳው ይነሳል።

ምግቡ። ለውሻ ጉርሻ የለም። ጨካኝነት አይደለም፤ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፣ መብሰሉም አያድነውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም በደሙ ላይ ለውጥ ያመጣል። ሀንክ ዛሬ 41 ኪሎ ነው፤ 615 ግራም ማለት ነው። አንድ የዶሮ ወጥ ድስት በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት ተቁላልቶ የሚጠፋበት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ከቀዩ ይብሳል። 14 ሰው እያንዳንዱ በየፊናው "ትንሽ ብቻ" ቢያቀምሰው ሒሳቡ የት እንደሚደርስ ማስላት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ጓዳ ውስጥ የሚቦካው የድፎ ዳቦ ሊጥም ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ክዳን ተጭኖበት ነው ያደረው፤ የተዋጠ ሊጥ ሆድ ውስጥ መቦካቱን ይቀጥላል፣ ጨጓራን ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል። ዘቢብም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ሜይ

ፀጉር መጣል። ይህ ዘር ሁለት ድርብ ፀጉር አለው፤ ከላይ ሻካራው፣ ከሥር ጥጥ የመሰለው። የሚረግፈው የሥሩ ነው። ከላይ ብቻ የሚያበጥር ሰው ውሻው ያማረ ይመስለዋል፤ ከሥር ግን እንደ ብርድ ልብስ ይጠቀጠቃል፣ ቆዳው ይቆስላል። ፀጉሩ በእጅ ወደ ላይ ተገልጦ፣ ቆዳው እስኪታይ፣ መስመር በመስመር ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ረጅም ጥርስ ያለው የሥር ፀጉር ማውጫ፣ ከዚያ ብሩሽ። ከጆሮው ኋላና ከታፋው ያለው ቀድሞ ይቋጠራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ፤ በአንድ ጊዜ የአንድ ትራስ ልብስ ሙሉ ይወጣል።

መላጨት የለም። ፀጉሩ ከብርድ እንደሚከላከለው ከፀሐይም ይከላከለዋል፤ ከተላጨ በኋላም ሁልጊዜ እንደ ነበረው አይመለስም። በጋውን የሚያልፈው በጥላ፣ በውሃና ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት በመንቀሳቀስ ነው። የእጅ ጀርባ አስፋልት ላይ 7 ሰከንድ መቆየት ካልቻለ መዳፉም አይችልም።

ጁን 11

ወጣ። ሣር አጫጁ በሩን ዘግቷል፣ መቀርቀሪያው ወድቋል፣ ካራቢነሩ ግን ቀዳዳው ውስጥ ሳይገባ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሀንክ በአፍንጫው አነሳው። 40 ደቂቃ፤ 1.1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ቦይ አጠገብ ተገኘ።

አልተባረረም። የተባረረ ፒረኒስ በተረጋጋ ሩጫ ይርቃል፣ ማንም አይደርስበትም። ቦታውን ያሳየው አንገቱ ላይ ያለው ጂፒኤስ ነው። ሁለት ሰው ደርሶ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሥጋ በዙሪያው በተነ፣ ሳይጠራው ጠበቀ። በ6 ደቂቃ መጥቶ መዳፉን ጉልበት ላይ ጫነ፤ ይህ ዘር ሰው ሲፈልግ የሚያደርገው ነው። ገመዱ በቀስታ ታሰረ። ቅጣት የለም፤ መጥቶ የተቀጣ ውሻ ሁለተኛ አይመጣም።

ጥገናው፦ ካራቢነሩ ወጥቶ ቁልፍ ገባ። ሣር የሚታጨድበት ቀን ሀንክ ቤት ውስጥ ነው። የጂፒኤሱ ባትሪ 2 ቀን ተኩል ይቆያል ተብሎ የተገዛ ቢሆንም በየማታው ይሞላል።

ጁላይ 4፣ ቀን 111

የነፃነት በዓል ርችት። በአሜሪካ ውሻ በብዛት ከሚጠፋባቸው ሌሊቶች አንዱ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ረጅም ጉዞ፣ ከዚያ ኮሪደሩ፣ መጋረጃው፣ ቬንቲሌተሩ። ሐኪሙ ያዘዘው ማረጋጊያ ክኒን ከሳምንት በፊት ጸጥ ባለ ቀን ተሞክሮ ነበር፤ መጠኑ የሚታወቀው በርችቱ ሌሊት መሆን የለበትም። ለሽንት ሲወጣ፣ የታጠረው ጓሮ ውስጥም ቢሆን፣ በሁለት ገመድ። እየተንቀጠቀጠ ግን በርችቱ አቅጣጫ ቆሞ ጮኸ። ወደ ውስጥ የተመለሰው "አየሁ" ሲባል ነው።

ሴፕቴምበር 16

የልብ ትል ድጋሚ ምርመራ፦ ነፃ። ክብደት 45.8 ኪሎ፣ የሰውነት ሁኔታ ከ9ኙ 5። ለዚህ ክብደት የእረፍቱ ካሎሪ ወደ 1,230 ወጥቷል፤ አሁን ማወፈር ስለማይፈለግ በ1.4 ሲባዛ 1,720 ገደማ ነው። ስለዚህ ምግቡ ያው 4 ተኩል ኩባያ ሆኖ ይቀጥላል፣ ወደ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ።

የሌሊት ጩኸት ባለፈው ሳምንት አማካይ 3። እንቁጣጣሽ ዕለት 9 እንግዳ መጥቶ ሀንክ ከመኝታ ክፍሉ የወጣው ከአራተኛው ሰዓት በኋላ ነው፣ ሦስት ሰው ተነስቶ ሲወጣ ቀና ብሎ አይቶ ተኛ።

የሚቀር ሥራ፦ የበጋው ዝናብ በበሩ ሥር ያለውን አንዱን ድንጋይ አስምጦት ክፍተቱ ከ4 ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ሰፍቷል። ጠርዙ ላይ የመዳፍ ጭረት አለ። ድንጋዩ ተነስቶ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ከሥሩ ይጠቀጠቃል፣ ቅዳሜ።